ማነው ሜታል አይጨፈርበትም ያለው?

ጊታር የሚነካ፣ ሸክላና ሲዲ የሚሰበስብ፣ ስለ ሙዚቃ ሲናገር ፍርድ የሚያነብ ዳኛ የሚመስል ወዳጅ አለኝ። በቀደም ዕለት ቡና ላይ ሆነን የሄቪ ሜታል ነገር ተነሣና፣ "እሱ ለጆሮና ለጭንቅላት ነው፤ መጨፈር የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ" ብሎ ዘጋው። ክርክሩ አለቀ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ ፊቴ ላይ የተዘጋ በር ሳልገፋ አላድርም።

የሁለት ሰዎች የጣዕም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ ባላባከንኩበት። አንዱ ሽሮ፣ ሌላው ዶሮ ይላል፤ በዚህ የሞተ የለም። ይሄኛው ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም። "ይህ ሙዚቃ አይጨፈርበትም" ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጀርባ፣ "ይህ ሙዚቃ የእነ እገሌ ነው፤ የእነ እገሌ አይደለም" የሚል ሌላ ዓረፍተ ነገር ተደብቋል። የእኔ ጠብ ከተደበቀው ጋር ነው።

ሜታል አያስጨፍርም የሚሉት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኞቹ ሰምተውት የማያውቁት ናቸው። ለእነሱ ሄቪ ሜታል ማለት ፀጉሩን ያስረዘመ ፈረንጅ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህበት፣ የቆርቆሮ አጥር ሲፈርስ የሚመስል ነገር ነው። እነዚህን አልቀየማቸውም። ያልቀመሱትን ጎምዛዛ ነው ማለት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ደሜን የሚያፈሉት ሁለተኞቹ፣ የሙዚቃው ወዳጆችና ዘበኞች ነን ባዮቹ ናቸው። በእነሱ ቤት ሜታል ቁጡ፣ ከባድና ቁም ነገረኛ ነው፤ ወገብ ከተነቃነቀ ክብሩ ይረክሳል። አንድ ባንድ የሚያወዛውዝ ነገር ከሠራ "ለገንዘብ አደረ፣ የዳንስ ቤት ሆነ" ይሉታል። ጭፈራን እንደ ውርደት የሚቆጥር የሙዚቃ ወዳጅ አይገርምም?

እንግዲህ ፈረንጆቹ "ግሩቭ" የሚሉት ነገር አለ። በአማርኛ አንድ ቃል ፈልጌለት አጣሁ። "ምት" አይበቃውም፤ "ስልት" ይሰፋበታል። ነገሩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰርግ ቤት ተቀምጣችኋል፤ ምግቡ ገና አልቀረበም፤ ዛሬስ አልነሣም ብላችሁ ምላችኋል። ከበሮው ሲጀምር እግራችሁ ከጠረጴዛው ሥር እናንተን ሳያስፈቅድ መሬት መምታት ይጀምራል። ያ ነው። ምቱ ፍጹም ቀጥ ያለ እንደሆነ ወታደር ይሰለፍበታል እንጂ ትከሻ አይነቀንቅም። ፍጹም ከተዘበራረቀም ሰውነት የሚይዘው ያጣል። አሁን ይመጣል ብላችሁ የጠበቃችሁት ምት ሸርተት ብሎ ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ሲመጣ ግን፣ ያቺን ክፍተት ሰውነታችሁ ራሱ ሊሞላት ይነሣል።

ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። በ2014 ማሪያ ዊቴክና ባልደረቦቿ "ፕሎስ ዋን" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሰዎችን የከበሮ ምት ብቻ እያሰሙ የትኛው እንደሚያስነሣቸው ጠይቀው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ የኛን እየደመርኩ እየቀነስኩ እንዳላሳስታችሁ።) መልሱ መካከለኛው ሆነ፤ ከቀጥተኛው ትንሽ የተዛነፈው፣ ግን ያልጠፋው። ጊታሩ ይሻክር ይለስልስ፣ ዘፋኙ ስለ ፍቅር ይንገር ስለ ሲኦል፣ ጥያቄው ውስጥ አልነበረም።

አሁን ሙዚቃው ወደተወለደበት ቦታ፣ ወደ እንግሊዟ በርሚንግሃም እንሂድ። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ እዚያ የቆርቆሮ ብረት በሚቆርጥ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ልጁ ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በተቆረጠው እጁ ነው። ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ እያደር ደግሞ ክሮቹን አላላቸው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወፈረ፣ ጨለመ፣ ከበደ። በ1970 የወጣው የ"ብላክ ሳባዝ" የመጀመሪያ አልበም ከዚህ እጅ የወጣ ነው፤ ብዙ ሰው የሄቪ ሜታል ልደት የሚለውም እሱን ነው። ይህን ታሪክ የሜታል ወዳጅ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቀዋል።

በቃሉ የማይወጣው ከአዮሚ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ታሪክ ነው። ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ያደገው ጂን ክሩፓን እየሰማ ነው። ክሩፓ ማን ነው? በ1930ዎቹ አሜሪካን በሙሉ ወደ ዳንስ አዳራሽ ያስወጣው የስዊንግ ሙዚቃ ከበሮ መቺ! ስዊንግ ደግሞ የሚቀመጡበት ሙዚቃ አልነበረም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሽከረከሩበት፣ ወንዱ ሴቷን ወደ ላይ የሚወረውርበት ነበር። ዋርድ ያንን እጅ ይዞ ነው የአዮሚ ከባድ ጊታር ሥር የገባው። በ1970 የወጣውን "ፌሪስ ዌር ቡትስ" አድምጡ። ጊታሩ እንደ ጋሪ ይጎተታል፤ ከበሮው ግን ከሥሩ ይዘላል፣ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ይለቃል። ጊዘር በትለርም በቤዝ ጊታሩ ጊታሩን እየተከተለ ብቻ አይሄድም፤ በየክፍተቱ እየገባ ከከበሮው ጋር ያወራል። አራቱም ልጆች "ብላክ ሳባዝ" ከመባላቸው በፊት ብሉዝ ነበር የሚጫወቱት። እንግዲህ ጃዝና ብሉዝ አባትና እናት የሆኑለትን ልጅ፣ "የዚህ ልጅ ዘር መጨፈር አያውቅም" ማለት ምን ዓይነት የዘር ቆጠራ ነው?

ሌላ የትውልድ ሐረግ ልቁጠርላችሁ። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ አገር አጠፋ። በ1929 ሜምፊስ ሚኒ የምትባል ጥቁር ሴት ጊታሪስትና ባሏ ካንሳስ ጆ ማኮይ ስለዚያ ጎርፍ "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" የተባለ ብሉዝ ቀዱ። በ1971 የእንግሊዙ "ሌድ ዜፔሊን" ያንኑ ዘፈን አክብዶ፣ አግዝፎ ሠራው። ከበሮ መቺው ጆን ቦነም ከበሮውን የተከለው ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ ቤት ደረጃ ሥር ነበር፤ የሚሰማው ድምፅ ከኮረብታ ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ይመስላል። (ዜፔሊን ሜታል ነው አይደለም የሚለው ጭቅጭቅ አለ፤ እሱን ጢማቸውን ለሚነጩት እተወዋለሁ።) በ1986 ደግሞ "ቢስቲ ቦይስ" የተባሉት የኒውዮርክ ራፐሮች አልበማቸውን ሲከፍቱ ያንኑ የቦነምን ከበሮ ቆርጠው አስገቡት፤ በላዩ ላይ ከ"ብላክ ሳባዝ" የተወሰደ የአዮሚን ጊታር ደረቡበት። አያችሁ? የዳንስ ቤት ሰዎች ጭፈራ ሲቸግራቸው ሄደው የተበደሩት ከከባዱ ሙዚቃ ነው። ሙሉ ለሙሉ የሚበቃ ምት ባያገኙበት ኖሮ ምን አስኬዳቸው?

ያንን አልበም ያዘጋጀው ሪክ ሩቢን በዚያው ዓመት፣ በዚያው አሳታሚ ስም፣ የ"ስሌየር"ን "ሬን ኢን ብለድ" አዘጋጀ። ይህ ከቁጡዎቹ ሁሉ ቁጡ የሚባል፣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ነድዶ የሚያልቅ አልበም ነው። የስሌየሩ ኬሪ ኪንግም ሄዶ ለራፐሮቹ ጊታር ነካላቸው። በአንድ ጓሮ የበቀሉ ናቸው። አጥሩ የተሠራው በኋላ ነው።

ስለ ቁጣው አንድ ነገር ልንገራችሁ። "የተናደደ ሰው አይጨፍርም" የሚለው ክርክር ትንሽ አሳስቦኝ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አክስቴ እኛ ቤት ሰንብተው በነበረ ጊዜ አንድ ቀን "ፓንቴራ" የተባለውን የቴክሳስ ባንድ ከፍቼ ደረሱብኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የተጣላው?" አሉኝ።

"ዘፈን ነው አክስቴ።"

ቆመው ሰሙት። "ይሄማ ዘፈን አይደለም፣ ፉከራ ነው። ከበሮ መቺው ግን ያውቅበታል" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከሙዚቃ ሐያሲ ይህን ያህል የጠራ ነገር አንብቤ አላውቅም። ፉከራ! የኛ አገር ሰው ቁጣን ተቀምጦ ነው እንዴ የሚያሰማው? ሽለላው ሲሞቅ ፎካሪው ይነሣል፤ ወደ ፊት ይንደረደራል፣ ይመለሳል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ዱላውን ይነቀንቃል። ቁጣው የሚወጣው በእግርና በትከሻ ነው፤ ምቱን ከሳተ ደግሞ ይሳቅበታል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። በ2006 "ሞዐ አንበሳ" የተባለውን አልበም ሲሠራ አብረውት የነበሩት "ዘ ኤክስ" የተባሉ የሆላንድ ፐንኮች ናቸው። ፐንክ ሜታል አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን የአጎት ልጅ ነው። የተቆጣ ጊታር ከተቆጣ ሽለላ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ቁጭ ብለው አላለቀሱም፤ በየመድረኩ ሰው ይጨፍርበት ነበር።

እሺ፣ ታዲያ አጥሩን ማን ሠራው?

ሐምሌ 12 ቀን 1979፣ ቺካጎ። በኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ሁለት የቤዝቦል ጨዋታ በአንድ ምሽት ተይዟል። አንድ የሮክ ሬዲዮ አስተዋዋቂ ዲስኮን ክፉኛ ይጠላ ነበርና፣ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ በርካሽ ይግባ ተባለ። ወደ 50 ሺህ ሰው ስታዲየሙን ሞላው። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የተሰበሰበው ሸክላ በሣጥን ተከምሮ ሜዳው መሐል በፈንጂ ተበተነ። ሕዝቡ ሜዳ ወረረ፤ ሣሩ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረና ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። ዲስኮ ያደገው በጥቁሮች፣ በላቲኖችና በግብረ ሰዶማውያን ክበቦች ውስጥ ነው። በዚያ ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር፤ በኋላ ከሃውስ ሙዚቃ ጀማሪዎች አንዱ ሆኗል። ሰው ይዞት ከመጣው ሸክላ ብዙው ዲስኮ እንዳልነበር፣ የጥቁር ሙዚቀኞች ሥራ ብቻ እንደነበር ተናግሯል። አስተዋዋቂው በበኩሉ ዘረኝነት አልነበረበትም እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ሐሳቡን እኔ አልፈርድበትም። ከእሳቱ በኋላ የቀረውን ግን አያለሁ፦ የነጭ ልጅ ሮክ ያዳምጣል እንጂ አይጨፍርም፤ ጥቁር ይጨፍራል እንጂ ሮክ አይጫወትም የሚል ያልተጻፈ ሕግ።

ሕጉን የከፈሉበት ሰዎች አሉ። በኒውዮርክ በ1985 ቨርነን ሪድና ጓደኞቹ "ብላክ ሮክ ኮአሊሽን" የተባለ ማኅበር ለማቋቋም ተገደዱ፤ ጥቁር ሰው ሮክ ሲጫወት አሳታሚው "ይህን ለማን እሸጠዋለሁ?" ይል ስለነበር ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ቸክ ቤሪን የወለደ ሕዝብ ሮክ ለመጫወት ማኅበር ሲያቋቁም! የሪድ ባንድ "ሊቪንግ ከለር" በ1988 "ቪቪድ" የተባለውን አልበም አወጣ፤ በ1990 "ከልት ኦቭ ፐርሰናሊቲ" በተባለው ዘፈን በሃርድ ሮክ ዘርፍ ግራሚ ተሸለመ። ያ ዘፈን ከባድ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ይጨፈርበታል። ሦስቱም በአንድ ላይ።

ሌላም መራራ ነገር አለ። ግሩቭን የባንዱ መታወቂያ ካደረጉት ሁሉ ቀዳሚው ከላይ የጠቀስኩት ፓንቴራ ነው። የዚያው ባንድ ዘፋኝ ፊሊፕ አንሰልሞ በ2016 አንድ መድረክ ላይ እጁን በናዚ ሰላምታ ዘርግቶ "የነጭ ኃይል" ብሎ ጮኸ። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታውን ልቀበል፤ ግን ልጠይቅ፦ አንተ በዚያች ምት ላይ ቆመህ ነው ስም ያገኘኸው፤ ምቷ ከየት መጣች? ከብሉዝ፣ ከፈንክ፣ ከጥጥ እርሻና ከጥቁር ቤተ ክርስቲያን። አባትህ ሠርቶ ባወረሰህ ቤት ሰገነት ላይ ወጥተህ አባትህን የመስደብ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የምትሉ ትኖራላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የወዳጄ ልጅ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ሜታል ነው ነፍሱ። በሐበሻ ልደትና ሰርግ ላይ እኩዮቹ "የነጭ ሙዚቃ" እያሉ ያሾፉበታል። ኮንሰርት ሲሄድ ደግሞ በሩ ላይ አንዱ፣ "ተሳስተህ ነው? ራፑ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" ይለዋል። ልጁ ለእኔ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በሁለት በኩል "ያንተ አይደለም" የተባለ ልጅ ነው። በሁለቱም በኩል ያሉት ደግሞ ያው አንድ ውሸት ነው የሚያወሩት፤ አንዱ በኩራት፣ አንዱ በንቀት።

ወደ ምቱ ልመለስ፤ የፓንቴራን "ዎክ" ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1992 የወጣ ነው። አንዲት አጭር የጊታር ሐረግ አለችው፤ ሪፍ ይሏታል፤ እየተመላለሰች ትመጣለች። ብዙ ሰው አራት አራት እያለ የሚቆጥራት ይመስለዋል። ልብ ብላችሁ ብትቆጥሩ ግን እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ይህ የሹፍል ስልት ነው፣ የብሉዝ ቤት ስልት። ጊታሪስቱ ዳረል አቦትና ከበሮ መቺው ቪኒ ፖል ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው የካንትሪ ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። ምት በሦስት መከፈሉ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው? የኛ ችክችካ ምኑ ላይ ነው የቆመው? በእርግጥ አንዱ ከሌላው አልተቀዳም፤ የፍጥነታቸውም ነገር አይገናኝም። ሰውነት ግን በሦስት የተከፈለ ምት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ከጎንደር እስከ ቴክሳስ ያውቃል፤ ይወዛወዛል። አክስቴ "ያውቅበታል" ያሉት ይህንን ከበሮ መቺ ነው።

ለወዳጄ የምሰጠው ሐቅ ደግሞ አለ። ሜታል ሁሉ አይጨፈርበትም። እውነት ነው። ከበሮውን እንደ ስፌት መኪና የሚያስኬዱት አሉ፤ ጊታሩ ትንፋሽ የለውም፤ በደቂቃ ከሁለት መቶ ምት በላይ ይነጉዳል። እዚያ ውስጥ የጣት ጥበብ አለ፣ ትዕግሥት አለ፣ ልምምድ አለ። ግሩቭ የለም። ግሩቭ ቦታ ይፈልጋል፤ በሁለት ምቶች መካከል የምትቆይ ዝምታ ያስፈልገዋል፤ የቸኮለ ሰው ዝምታን አያምንም። ግን ይህ የሜታል ብቻ ኃጢአት ነው? እስቲ አሁን ከየስቱዲዮው የሚወጣውን የኮምፒዩተር ከበሮ ስሙት። ሁሉም ምት በመስመሪያ የተሰመረ፣ አንዱም የማይሸራተት። የዳንስ ሙዚቃ ተብሎ ነው የሚሸጠው፤ ትከሻዬ ግን አይሰማውም።

ደግሞስ ጭፈራ ማለት ምንድነው? "ሜታል ላይ ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል እንጂ አይጨፍርም" ይሉኛል። ይህን ፈረንጅ ቢለኝ ይገባኛል፤ ለእሱ ጭፈራ ማለት እግርና ዳሌ ነው። እስክስታ እያየ ያደገ ሰው ሲለኝ ግን ግራ ይገባኛል። የኛ ሰው ባለበት ቆሞ፣ አንዳንዴም ተቀምጦ፣ ከአንገትና ከትከሻው ብቻ ሙሉ ጭፈራ ያወጣል። አንገት መስበቅ ጭፈራ ካልሆነ ብዙ እናቶቻችንን ይቅርታ ልንጠይቅ ነው።

አንገትን ካነሣን አይቀር በ2008 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት "ቢ ኤም ጄ" ሁለት ተመራማሪዎች የጻፉትን አወጣ። ጭንቅላት የሚነቀነቅባቸው ዘፈኖች አማካይ ፍጥነት በደቂቃ 146 ምት ያህል ነው አሉ፤ በዚህ ፍጥነት አንገቱን ከ75 ዲግሪ በላይ የሚያወናጭፍ ሰው ቀላል የጭንቅላት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። መፍትሔ ብለው ካቀረቡት ውስጥ አንዱ፣ በየምቱ መነቅነቁን ትቶ በሁለት ምት አንዴ መነቅነቅ ነው። ሳነብ ሳቄ መጣ። በሁለት ምት አንዴ! ፓንቴራ የሚያደርገው እኮ እሱን ነው፤ የሚሮጠውን ሙዚቃ ድንገት በግማሽ ያዘገየዋል፣ ያን ጊዜ አዳራሹ በአንድነት ይነሣል። ተመራማሪዎቹ ሳያውቁት ግሩቭ አዘዙ።

መድረክ ሥር የሚደረገው መገፋፋትስ? ሞሽ ፒት የሚሉት? እሱን ጭፈራ ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። በ2013 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የኮንሰርት ቪዲዮ ሰብስበው "ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ" ላይ ባወጡት ጥናት፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው የሚንቀሳቀሰው በዕቃ ውስጥ እንደታፈነ ጋዝ ነው፤ ያገኘውን እየገጨ ይነጥራል ብለዋል። ጋዝ አይጨፍርም። ጋዝ በሆነ ሕዝብ መካከል ደግሞ ቀጭኗ፣ አጭሩ፣ ሽማግሌው ቦታ የለውም፤ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ጎረምሶቹ ብቻ የቀሩበት ክብ "ሜታል የወንድ ነው" ለሚሉት የተመቸ ነው። ሪፉ ሲዘገይ፣ ምቱ ሲወዛወዝ ግን ግድግዳው ጥግ የነበረው ሁሉ ወደ መሐል ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓለም ደግሞ የዘበኞቹን ፈቃድ አልጠበቀም። ብራዚሎቹ "ሴፑልቱራ" በ1996 "ሩትስ" ለተባለው አልበማቸው የባሂያውን ከበሮ መቺ ካርሊንሆስ ብራውንን ጠሩ፤ ከዣቫንቴ ጎሳ ጋር በመንደራቸው ተቀምጠው ቀዱ። የጠፋው ክብር የት አለ? ከባድነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስዊድኖቹ "ሜሹጋ" ጊታሩን ባልተለመደ ቆጠራ እያዞሩ በላዩ ግን ቀጥ ያለ አራት ምት ይተክላሉ፤ ሁለቱ ሲጋጩ አንገት ራሱ ምርጫ ያደርጋል። ቦትስዋና ውስጥ "ስኪንፍሊንት"ና "ኦቨርትረስት" የሚባሉ ባንዶች አሉ፤ ተከታዮቻቸው ቆዳ ጃኬትና የከብት ጠባቂ ባርኔጣ አድርገው የሚወጡ ጥቁር አፍሪካውያን ናቸው። የነጭ ሙዚቃ ነው ብሎ የሚከለክላቸው ቢመጣ የሚሰሙት አይመስለኝም። እኛም ዘንድ "ጃኖ ባንድ" በ2012 "ኤርታሌ" ሲል የጮኸ ጊታር ከአገር ቤት ቅኝት ጋር አስታርቆ አሳይቷል። ሜታል ነው አልልም፤ ግን ሻካራ ጊታርና እስክስታ በአንድ መድረክ እንደማይጣሉ አይተናል። የኛ ዲጄዎች ሬጌን፣ ሂፕሆፑን፣ አፍሮቢቱን ያለ ይለፍ ወረቀት ሲያስገቡ ጊታር የጮኸ እንደሆነ ብቻ ለምን በሩን እንደሚዘጉ አንድ ቀን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 "ብላክ ሳባዝ" በተወለዱበት በበርሚንግሃም፣ በቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወቱ። አራቱም ቀዳሚ አባላት ነበሩ። ከዓመታት መለየት በኋላ የ77 ዓመቱ ቢል ዋርድ ከበሮው ጋ ተመልሶ ተቀምጧል። እኔ በስልኬ ነበር ያየሁት፤ ምስሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ፓርኪንሰን ስለያዘው መቆም አልቻለም፤ ጥቁር ዙፋን ላይ አስቀምጠውታል። ከዚያ በኋላ የኖረው 17 ቀን ነው። "ዋር ፒግስ" ሲጀመር ዋርድ እንደ ድሮው ምቱን ትንሽ ወደ ኋላ ጎተት አደረጋት፤ ኦዚም ከተቀመጠበት ሳይነሣ በትከሻውና በሁለት እጁ ተከተለው።